ወንበር የጫነ ፒክአፕ

ሰኞ፣ መስከረም 26

ግቢ አልገባም። ስፖኪዮዎቹን አጥፌ ሞከርኩ፤ እማዋይሽ አራስነቷን ረስታ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ "ወደ ግራ! ኧረ ወደ ግራ!" እያለች ስትመራኝም ሞከርኩ። በራችን ጠባብ ነው፣ መኪናው ደግሞ ለራሱ ብቻ የተሠራ አገር የሚፈልግ ነው። በመጨረሻ መንገድ ላይ፣ ከባለሱቁ አጥር ጋር አጣብቄ አቆምኩት። ባለሱቁ ወጥቶ ከላይ እስከ ታች አየውና "ኢንጂነር፣ ቤት ልትቀይሩ ነው?" አለኝ። አሁን መስኮት ላይ ቆሜ እየጠበቅኩት ነው። የሰፈራችን የሹም አቦ ልጆች ጎማውን በእጃቸው እየለኩት ነው።

ተራ ፒክአፕ ነበር የፈለግኩት። አከራዩ ሙሉቀን ግን ሌሎቹ ሁሉ ወጥተዋል አለኝ። የቀረው ይኼ ብቻ ነው፤ ከዱባይ የመጣ፣ ባለ ሁለት ጋቢና፣ ኮፈኑ ደረቴ ድረስ የሚደርስ። እኔ በሕይወቴ የነዳሁት ቪትዝ ብቻ ነው። ሙሉቀን ቁልፉን ከመስጠቱ በፊት ጣቱን እየቀሰረ አስጠነቀቀኝ፦ ከኋላ ሰው አይጫንም፤ ጭቃ ውስጥ በእልህ አይነዳም፤ ሐሙስ ማታ ማለት ሐሙስ ማታ ነው፣ አርብ ጠዋት ለሌላ ሰው ይወጣል። ቪትዜን መያዣ አድርጌ እዚያው ትቻት መጣሁ። በዚያ ባዶ ግቢ መሃል ብቻዋን ሳያት አንጀቴን በላችኝ።

ምክንያቱን ልጻፈው፤ ነገ ፈርቼ "ምን አስገባኝ" ስል እንዳነበው።

የእማዋይሽ አባት ከአንበሳሜ ማዶ ባለ የገጠር ደብር ቅኔ ያስተምራሉ። አገሩ ሁሉ "የኔታ" ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው። ግራ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ቀኙን ሞራ ጋርዶታል፣ ግፊትም አለበት። ሐኪሙ ለእማዋይሽ ቁርጡን ነግሯታል፤ አሁን ካልተሠራ ይኼኛውም ይሄዳል። ቀዶ ጥገናውን የሚሠሩት ከሌላ ከተማ የመጡ ሐኪም ናቸው፤ ቅዳሜ ይመለሳሉ። የየኔታ ተራ አርብ ጠዋት ነው። ከዚያ በኋላም ለክትትል እኛ ዘንድ መኖር አለባቸው። ያለፈውን ቀጠሮ "ተማሪ መሃል ላይ አይጣልም" ብለው አሳልፈውታል። ከዚያ ወዲህ እማዋይሽ ስልክ በጮኸ ቁጥር ትደነግጣለች።

ባለፈው ሳምንት ግን ራሳቸው ደወሉ። እሷ ልጅ እያጠባች ስለነበር እኔ አነሳሁ።

"ወንበሬ አብሮኝ ከመጣ እመጣለሁ። ያለ ወንበሬ ግን ከዚህ አልነቃነቅም" አሉኝ።

"ምን ችግር አለው የኔታ፣ ወንበርዎን እኔው ራሴ ጭኜ አመጣዋለሁ" አልኩ።

ምርቃቱን አወረዱት፤ ለእኔ፣ ለልጄ፣ ለእናት ለአባቴ፣ ለማያውቋት ለትውልድ ከተማዬ ለአዳማ ሳይቀር። ለአንድ ወንበር ይኼን ያህል! ግን ሽማግሌ የለመደውን መቀመጫ ይወዳል። አባቴም በረንዳው ላይ ያለችውን ወንበር ማንንም አያስነካም።

ለእማዋይሽ "እሺ ብለዋል" አልኳት። ሕፃኗን እንዳቀፈች አለቀሰች።

የምጭነው፦ ወንበር፣ ፍራሽ፣ የመጻሕፍት ሳጥን፣ የኔታ።

የምፈራው፦ ጭቃው፣ ድልድዩ ላይ ከጎኔ የሚመጣ ከባድ መኪና፣ የኔታ ራሳቸው።


ማክሰኞ፣ መስከረም 27

ዛሬ ልሄድ ነበር። እማዋይሽ "መድኃኔዓለም ነው፤ አባባ በዓል ቀን ዕቃ አያስነሡም። ደግሞ አንድ ቀን ፀሐይ ይምታው መንገዱን" አለች። በልቤ ተመስገን አልኩ። አንድ ቀን ለመለማመድ።

ጠዋት ወደ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ዘንባባዎቹ ሥር ሰፊ ነው ብዬ። እስክደርስ ድረስ ግን ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። ነዳጁን ትንሽ ስነካው ይወረወራል፤ ፍሬኑን ስነካው ግንባሬ መስታወት ሊመታ ነው። ማርሽ የለውም፣ ግራ እግሬ ሥራ ፈትቶ ይርገበገባል። አንዲት ጠባብ መንገድ ውስጥ ከባጃጅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ወደ ኋላ መመለስ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። አልቻልኩም። የባጃጁ ልጅ ወረደ፣ ዞሮ ዞሮ አየኝና "ብሮ፣ ቤት ነው እንዴ የምትነዳው?" አለ። ከዚያ እሱ ተመለሰልኝ። አፈርኩ፤ ግን አመሰገንኩት።

የኋላውን ፓራውርት ዘንባባ ላይ አስነካሁት። የጥፍር ያህል ጭረት ናት። ለሙሉቀን አልነገርኩም። እሱ ግን ከሰዓት ደወለ፤ "እንዴት ነው፣ ተስማማችሁ?" አለኝ፣ የሰርግ ማግስት ይመስል። "በደንብ" አልኩት።

ትንሽ ድል፦ ማታ ስመለስ በአንድ ሙከራ ከባለሱቁ አጥር ጋር አቆምኩት። ባለሱቁ አጨበጨበ።

እማዋይሽ ሸራ ገዝታ ጠበቀችኝ። "መጻሕፍታቸው ብራና ናቸው፤ ጠብታ እንዳይነካብህ" አለች። "ወንበሩንስ?" አልኳት። ልጅቷ ስላለቀሰች እማዋይሽ ሳትሰማኝ ገባች።


ረቡዕ፣ መስከረም 28

ይኼን የምጽፈው ጋቢናው ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። ዝናብ እየዘነበ ነው። የት እንደምጀምር አላውቅም።

እስከ አንበሳሜ ደህና ነበር። ድልድዩን ትንፋሼን ውጬ ተሻገርኩ፤ ዘንዘልማን አለፍኩ፤ ኬላው ላይ ወታደሩ ወደ ኋላ አይቶ "ባዶ ነው?" አለ፣ "ባዶ ነው" አልኩ፣ እጁን አወዛወዘልኝ። ከአንበሳሜ በኋላ ያለው ግን መንገድ አይባልም። ወንዙን ስወርድ ዓይኔን ልጨፍን ምንም አልቀረኝ። ብቻ ደረስኩ።

የኔታ ከወይራው ሥር ተጠምጥመው፣ ነጭ ለብሰው፣ መስቀልና ጭራቸውን ይዘው ቆመዋል። ከኋላቸው ደበሎ የለበሰ፣ መጽሐፉን በማኅደር ያንጠለጠለ፣ በትር የያዘ ተማሪ ተሰልፏል። ሊሸኟቸው ነው ብዬ ደስ አለኝ። እጃቸውን ሳምኩ። ፍራሹን ጫንን፣ ሳጥኑን ጫንን።

"ወንበሩ የታል የኔታ?" አልኩ።

"ይኸውልህ" አሉ፣ በጭራቸው ወደ ተማሪዎቹ እያመለከቱ።

እኔ ሳቅኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅኩ። ማንም አልሳቀም።

"ምነው አማቼ፣ ይኽ ሁሉ መኪና አይበቃም?" አሉ የኔታ። ድምፃቸው ላይ ቀልድ የለም። "ወንበሬ ከመጣ እመጣለሁ አልሁህ። አንተም ራሴ ጭኜ አመጣዋለሁ አልህ። እኔም ለደብሩ ሰዎች ነገርሁ፣ ተሰናበትሁ። ልጆቹም ጎጇቸውን ለሰው ሰጡ።"

ዞር ብዬ አየሁ። እውነት ነው። አንዷ ጎጆ ውስጥ ጥጃ ታስሮባታል።

ትልቁ ተማሪ ልሳነወርቅ የሚባል ጎልማሳ ነው። ነገሩ እንዳልገባኝ ሳያውቅ አልቀረም፣ "ጋሼ፣ እኛ ከኋላ ቆመንም ቢሆን እንሄዳለን" አለኝ ቀስ ብሎ። ሙሉቀን ጣቱን ቀስሮ ታየኝ። ኬላውም ታየኝ።

ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታው ላይ ወጣሁ። እማዋይሽ አነሳች።

"ምን ነበር ያሉህ? ቃሉን ንገረኝ" አለች።

"ወንበሬ ከመጣ።"

ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያለየለት ድምፅ።

"አንተ! የአባባ ወንበር እኮ ጉባኤያቸው ነው! ተማሪዎቻቸው ናቸው! የቅኔ መምህር ወንበር ዘረጋ ሲባል እንጨት ዘረጋ ማለት መሰለህ? ምነው ያን ዕለት ቃሉን አልነገርህኝ?"

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። እኔ ከሁለቱም ገባሁበት። ወንበር አማርኛ ነው፣ አማርኛ ደግሞ እችላለሁ ብዬ ነበር።

"ተማሪዎቹን ትተው እንዲመጡ ለምኛቸው?" አልኳት።

"አይመጡም። አውቃቸዋለሁ። ዓይናቸው ይጥፋ እንጂ አይመጡም።" ቀጥላም፣ "ቃል ሰጥተሃል። አንተ አምጣቸው፣ ቦታውን እኔ እፈልጋለሁ" አለች። አራስ ናት። የት ሄዳ ነው የምትፈልገው?

ስወርድ ዝናቡ ጀመረ፤ ዛሬ ወንዙን መሻገር አይታሰብም አሉኝ። ተናድጃለሁ። በየኔታ፣ በራሴ፣ በቃሉ። እሳቸው ደጀ ሰላሙ ውስጥ ገብተው ያስተምራሉ፤ ድምፃቸው እዚህ ድረስ ይሰማኛል። ነገ ሐሙስ ነው።


ሐሙስ፣ መስከረም 29

ቤቴ ነኝ። የኔታም ቤቴ ናቸው። ወንበራቸው ግን የለም።

ጠዋት ተማጸንኩ። "ጋቢናው የሚችለውን ያህል እንጫን" ብል "ማንን መርጬ ማንን ልተው?" አሉ። "በእግራቸው አንበሳሜ ይውረዱና አውቶቡስ ይያዙ" ብል ራሳቸውን ነቀነቁ። "ተማሪ መንገድ ላይ ይበተናል፣ ልጄ። አንዱ በሌላ ደብር ዘመድ አለው፣ አንዱ ስለ ሌላ መምህር ሰምቷል። መምህር ተማሪው ከተበተነ ምን ቀረው? ሽማግሌ ነው።" ይኼን ሲሉ ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ እልኸኛ ሳይሆኑ የፈሩ ሰው ሆነው ታዩኝ። ንዴቴ ወዴት እንደሄደ አላውቅም።

መላውን ያመጣው ልሳነወርቅ ነው። ምንም ሳይናገር የመጽሐፉን ማኅደር ከትከሻው አወረደና መኪናው ላይ ጫነ። ከዚያ ደበሎውን። ሌሎቹም ተራ በተራ እንደዚያው አደረጉ። "የኔታ፣ መጽሐፋችን ከእርስዎ ጋር ከሄደ እኛ ወዴት እንቀራለን?" አለ። የኔታ እያንዳንዱን ማኅደር በእጃቸው ዳበሱ፤ የማን እንደሆነ በዳሰሳ ስሙን እየጠሩ። ከዚያ ጋቢና ገቡ።

እኛ በመኪና፣ እነሱ በአቋራጭ በእግር፣ ከአንበሳሜ በአውቶቡስ ሊከተሉን። ወንዙ ጋ ስደርስ ውሃው ከትናንቱ ጨምሯል። ገባሁ። መሃል ላይ የኋላ ጎማው መዞር እንጂ መሄድ አቆመ። ነዳጅ ሰጠሁት፣ ሰመጠ። ጨመርኩለት፣ የባሰ ሰመጠ። ሙሉቀን በእልህ አይነዳም ያለው ይኼን ነው። ውሃው በሩ ሥር ይንቦጫረቃል፤ ከኋላዬ የነዚያ ሁሉ ተማሪዎች ብራና አለ፤ ከጎኔ የሚስቴ አባት አሉ።

"ቆመ?" አሉ የኔታ።

"ቆመ፣ የኔታ።"

"እንግዲህ ወንበሬን ጠብቅ።"

እውነትም ከቁጥቋጦው ውስጥ ብቅ ብቅ አሉ። ሱሪያቸውን ሰብስበው ውሃው ውስጥ ገቡ። ድንጋይ ጎማው ሥር አስገቡ፣ ልሳነወርቅ አዜመ፣ ሌሎቹ ተቀበሉ፣ ገፉ። መኪናው አጓራ፣ ተወላገደ፣ ወጣ። እኔ ወርጄ ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። የኔታ ከውስጥ ሆነው "አማቼ፣ አንተ ያሰብኸው ወንበር ቢሆን ኖሮ ይገፋልህ ነበር?" አሉኝ። ያን ጊዜ ሁላችንም ሳቅን።

ኬላው ላይ ወታደሩ ሸራውን ገልጦ አየና "ምንድን ነው ይኼ ሁሉ?" አለ። የኔታ በመስኮቱ "መጽሐፍ ነው ልጄ" አሉት። መስቀላቸውን ሊሳለም ጎንበስ አለ፤ አለፍን።

ሙሉቀን መኪናውን ሲያይ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ጭቃው ጣሪያ ደርሷል። ጭረቷን ራሴ አሳየሁትና አሠራዋለሁ አልኩት። የኋላውን ከፍቶ የደበሎ ጠጉር ሲያይ ግን "በግ ነው እንዴ የጫንክበት?" አለ። "አይ፣ ወንበር" አልኩት። ለማብራራት አቅም አልነበረኝም። ቪትዜ ውስጥ ስገባ ጉልበቴ መሪው ጋ ደረሰ፤ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እማዋይሽ ልጅቷን አዝላ ሐይቁ ዳር ያለ ቤተክርስቲያን ደጃፍ ድረስ ሄዳ ኖሯል። አለቃው የአባቷ የድሮ ተማሪ ናቸው። ቦታ አለ ብለዋል፣ ግን የሰበካ ጉባኤው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይወስናል።

ከመሸ ወዲህ የኔታ በር በተንኳኳ ቁጥር "መጡ?" ይላሉ። አልመጡም። የማናቸውም ስልክ አይሠራም።


አርብ፣ መስከረም 30

ሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ነኝ።

ጠዋት የኔታን ይዤ መጣሁ። እማዋይሽ ምናልባት ከመጡ ብላ ቤት ቀረች። ዓይናቸው ላይ ጠብታ ተደረገ፣ ልብስ ቀየሩ። ነርሷ ስማቸውን ጠራች። አልተነሡም።

"የኔታ፣ ተራዎ ነው።"

"ልጆቹ አልመጡም።"

"ይመጣሉ። ይግቡ።"

"ተበትነው ይሆናል።"

ነርሷ ደግማ ጠራች። ከኋላችን ያለውን ሰው ላስገባ አለች። ያን ጊዜ ጮህኩባቸው። በሕይወቴ ሽማግሌ ላይ ጮኼ አላውቅም። "እንግዲያው ይጥፋ! ዓይንዎ ይጥፋ! ልጅዎ አራስ ሆና በየደጁ ስትዞር ዋለች፣ እኔ ወንዝ ውስጥ ልሞት ነበር፣ እርስዎ ግን!" ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። የኔታ አልተቆጡም። "ልክ ነህ" አሉ። "ግን ዓይን ለምኔ ነው ልጄ? ማንን ላይበት?"

"እኛን!" አልኩ። ከየት እንደወጣ አላውቅም። "ልጅዎን። የልጅ ልጅዎን። እኛንም ይዩበት እንጂ!"

አንገታቸውን ደፉ። በዚህ መሃል ስልኬ ጮኸ።

"መጡ!" እማዋይሽ ናት። "ሁሉም! አውቶቡሱ ጭቃ ናችሁ ብሎ አልጭንም አላቸው፤ ግማሹን መንገድ በአሸዋ መኪና፣ ግማሹን በእግር፤ ዘንዘልማ ቤተክርስቲያን አድረው መጡ። ግቢው ሞልቷል!"

ለየኔታ ነገርኳቸው። "ልታጽናኑኝ ነው" አሉ። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረግኩ። ልሳነወርቅ ነበር። ምን እንዳለ አልገባኝም፣ ግዕዝ ነው፤ ለመንገድ የሰጧቸውን ቅኔ እየነገራቸው መሰለኝ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ድንገት ፊታቸው ተቆጣ። "ኧረ አፈረስኸው! የቅኔውን ቤት አፈረስኸው! መልሰህ ንገረው!" አሉ። መለሰው። "እህ" አሉ። ስልኩን ሰጡኝና ተነሥተው፣ ነርሷን "በይ ምሪኝ" አሏት።

ገቡ። በሩ ተዘጋ።

በኋላ ሐኪሙ ወጡ። "ግፊቱ ብዙ ጎድቶታል። ሠርተናል። ምን ያህል እንደተረፈ ነገ ፋሻው ሲፈታ ነው የምናውቀው" አሉ።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 1

እማዋይሽ ዛሬ አልቀርም አለች። ልጅቷን ይዛ መጣች። ተማሪዎቹም ተከትለው መጥተው በር ላይ ቆሙ፤ ዘበኛው አላስገባም አላቸው።

ሐኪሙ ለመሄድ ሻንጣቸውን ይዘው ነበር። ፋሻውን ፈቱ። ጣታቸውን አሳዩ፤ የኔታ ዝም። ብርሃን አበሩ፤ ዝም። እማዋይሽ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ ይኼን ሳምንት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ "ደከመኝ" አላለችም።

የኔታ ፊታቸውን ቀስ ብለው ወደ እሷ አዞሩ። ደጋግመው ዓይናቸውን አርገበገቡ። ለረጅም ጊዜ አዩ፣ ወይም የሚያዩ መሰለኝ።

"ልጄ" አሉ፣ "ከስተሻል'ኮ።"

እማዋይሽ ልጅቷን ሰጠችኝና ወለሉ ላይ ተቀምጣ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ሐኪሙ ገና ብዙ ይቀራል፣ ጠብታው እንዳይቋረጥ፣ ክትትል ያስፈልጋል፣ ሩቁን ላያይ ይችላል እያሉ ነበር። ማንም አልሰማቸውም።

ለተማሪዎቹ ልነግራቸው ወጣሁ። ስለ ግፊቱ፣ ስለ ሞራው፣ ሐኪሙ ስላሉት ሁሉ በሥርዓት ላስረዳቸው አስቤ ነበር። በትራቸውን ተደግፈው ዓይን ዓይኔን ሲያዩኝ ግን ቃሉ ሁሉ ጠፋኝ።

"ከስተሻል አሏት" አልኩ።

ሌላ ማብራሪያ የጠየቀኝ የለም።